ግማሽ ጢም፣ ሙሉ ኃይል

ልጅ እያለሁ ቡታጅራ ውስጥ ሙሉ ፊት የሚያሳይ መስተዋት የነበረው አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ እሱንም እኔ ሰበርኩበት። ሌላው ሰው መልኩን የሚያውቀው የውሃ ጋን ላይ አጎንብሶ፣ ካልሆነም ከጎረቤት ተነግሮት ነው። እኔ አፍንጫዬ ትልቅ መሆኑን የሰማሁት ከወንድሞቼ ነው። ባላምናቸውም ማስተባበያ አልነበረኝም። የእኔ ዘመን ሰዎች ይህን ስታነቡ ፈገግ እንደምትሉ አውቃለሁ፤ እናንተም በሰው ቃል ነው ያደጋችሁት።

መስተዋቱ የጣልያኑ መቶ አለቃ ንብረት ነበር። ጣልያን ከገባ ሁለተኛ ዓመቱን ይዞ፣ ከከተማው ዳር ትልቁ ሾላ ሥር ሰፈር ሠርቶ ተቀምጦ ነበር። ይህ መቶ አለቃ የመድፍ ሰው ነው አሉ። ችግሩ ቡታጅራ ሲመድቡት መድፉን አልሰጡትም። መድፍ የሌለው መድፈኛ ምን ይሥራ? መለካት ጀመረ። መንገዱን ለካ፣ ገበያውን ለካ፣ የሰው ጓሮ ገብቶ የእንሰት ቁመት ለካ። አንድ ቀን የአንድ ገበሬ አህያ ከጆሮዋ እስከ ጅራቷ ለክቶ ቁጥሩን በወረቀት ጽፎ ለባለቤቷ ሰጠው። ሰውየው አዲስ ግብር መስሎት ሦስት ቀን እህል አልቀመሰም። ከተማው በሙሉ ሜትሮ ይለው ነበር፤ እናቱ ያወጣችለትን ስም እስከ ዛሬ አላውቅም።

ከሰፈሩ በላይ ዳገቱ ላይ የአክስቴ የዘሃራ ማሽላ ነበር። ዘሃራ የእናቴ ታናሽ ናት። ባሏ በወባ ሞቶባት፣ ልጅም ሳትወልድ፣ በዓለም ላይ የቀራት ያ ማሳ፣ መሀሉ ላይ ያለው ማማና አንድ ወንጭፍ ነበር። ማሽላው ማሸት ሲጀምር የወፍ መንጋ እንደ ደመና ይመጣል። ያኔ ዘሃራ ከጠዋት እስከ ማታ ማማው ላይ ትቆማለች፤ እኔ የዘጠኝ ዓመቷ ልጅ ደግሞ ጥይት አቀባይዋ ነበርኩ። ጥይታችን ጭቃ ነው። ከወንዝ ዳር ቀይ አፈር አምጥተን፣ አቡክተን፣ የቄብ ዶሮ እንቁላል እያሳከልን እናድበለብልና ፀሐይ ላይ እናደርቀዋለን። የዚያ እርጥብ ጭቃ ሽታ፣ ከታች ከቤቶቹ ከሚመጣው የቆጮ ሽታ ጋር ተደባልቆ ዛሬም አፍንጫዬ ውስጥ አለ፤ ትልቅነቱ ቢያንስ ለዚህ ጠቅሞኛል። ድንጋይ መወንጨፍ ግን ነውር ነው። ማሳ ላይ የወደቀ ድንጋይ ለማጭድም ለዶማም ጠላት ነው፤ ጭቃ ግን ዝናብ ሲመታው ወደ አፈሩ ይመለሳል። ወፍ የጠበቀ ሰው ሁሉ ይህን ያውቃል። ጣልያን አያውቅም።

ዘሃራ በወንጭፏ የታወቀች ነበረች። እንኳን ወፉን ጥላውን አትስትም ይባልላታል። እሷም ይህ ወሬ እንዳይቀዘቅዝ የበኩሏን ታደርግ ነበር፤ አላህ ይማራትና ትንሽ ጉረኛ ነበረች። ባል የሌላት፣ ልጅ የሌላት ሴት በሰው ፊት ቀና ብላ የምትሄድበት አንድ ነገር ያስፈልጋታል። የእሷ ያ ክንዷ ነበር።

አንድ ዓርብ ዘሃራ ጨው ልትገዛ ገበያ ወረደች። ወፎቹን በጩኸት ብቻ እንዳባርር፣ ወንጭፉን እንዳልነካ አስጠንቅቃኝ ሄደች። ነካሁት እንጂ ምን እሆናለሁ። በዚያ ሰዓት ከሾላው ሥር ኃይለኛ ብርሃን ብልጭ እያለ ዓይኔን ይወጋኝ ነበር። በየጠዋቱ የማየው ብርሃን ነው፤ ምን እንደሆነ ግን አላውቅም። አላህ ምስክሬ ነው፣ ጣልያኑን አላየሁትም። ያየሁት ብርሃኑን ብቻ ነው። አንድ ጭቃ ጎርሼ፣ ማለቴ ወንጭፉን አጉርሼ፣ አንድ ዙር፣ ሁለት ዙር፣ ሦስተኛው ላይ ለቀቅኩት። ጭቃው ወደ ሰማይ ወጣ፣ ትንሽ የቆመ መሰለ፣ ከዚያ ጎንበስ ብሎ ወረደ። ብርሃኑ ጠፋ። ቀጥሎ በማላውቀው ቋንቋ የተሰማው ጩኸት ግን ምን ለማለት እንደተፈለገ ማንም ይገባው ነበር።

ሜትሮ መስተዋቱን ሾላው ላይ ሰቅሎ ጢሙን ይላጭ ነበር። ቀኝ ጉንጩን ጨርሷል፤ ግራው አረፋ እንደተቀባ ነው። ዘሎ ሲነሳ መታጠቢያው የተቀመጠበትን ገበታ ገለበጠው። ጭቃው መስተዋቱ ላይ እንደ ዱቄት ተበትኖ ቀርቷል። መሬት ላይ ግን ትልቅ ብርቱካን የሚያህል ድንጋይ ወድቆ አገኘ። ያ ድንጋይ የገበታው አንድ እግር አጭር ስለነበር እንዳይወላገድ የተደገፈበት ነው። አስካሪዎቹ፣ ለጣልያን ያደሩት ጥቁር ወታደሮች፣ በሙሉ ያውቃሉ፤ ድንጋዩን ራሳቸው ናቸው ያስቀመጡት። አንድም ሰው ትንፍሽ አላለም። የተቆጣ አለቃ ያገኘውን ድንጋይ ይያዝ እንጂ ማን ይከራከረዋል?

ሁለተኛ መስተዋት ከአዲስ አበባ እስኪመጣ ቀላሉ ነገር በሌላ ሰው መላጨት ነበር። ሜትሮ ግን በዚያ አገር፣ በዚያ ዘመን፣ ምላጭ የያዘ ሰው አንገቱ አጠገብ እንዲደርስ አልፈቀደም። ለዚህ አልፈርድበትም። ስለዚህ ከዚያ ቀን ጀምሮ ከተማዋን ያስተዳደረን ግማሽ ጢም ያለው ሰው ነው። በቀኝ በኩል ስታየው ወጣት ነው፤ በግራ በኩል ዞረህ ስትመጣ አጎቱን ያገኘህ ይመስልሃል።

ሰውየው ግን በንዴቱ ውስጥ ደስታ ነበረው። ስንት ዘመን ቆይቶ የተወረወረ ነገር አገኘ! ድንጋዩን በሚዛን መዘነ፣ መስተዋቱ የተመታበትን ቦታ አየ፣ ገመድ ዘረጋ፣ ወረቀት አጠቆረ። ከእንዲህ ያለ ከፍታ፣ እንዲህ ባለ አቅጣጫ ተነስቶ እዚህ ለመውደቅ ድንጋዩ ምን ያህል ፍጥነት እንደሚያስፈልገው አሰላ። ያንን ፍጥነት የሚሰጥ ክንድ ይኑር አይኑር ግን አልጠየቀም። ሲጨርስ መስመሩ ቀጥ ብሎ የዘሃራ ማማ ላይ አረፈ። ዘጠና ሜትር። ማሽላው ሽፍታ ይደበቅበታል ተብሎ እንዲታጨድ፣ ዘሃራም እንድትታሰር ፈረደ። ለአዝመራው የቀረው ሁለት ሳምንት ነበር።

ፍርዱን ይዞ የመጣው አስተርጓሚው አቶ ተድላ ነው። ድሮ ከሰሜን በጸሐፊነት የመጣ፣ ክፉ ነገር ሲናገር እግሩን የሚያይ ደግ ሰው ነበር። ዘሃራ ያን ጠዋት ገበያ እንደነበረች ብትናገርም፣ ገበያ ላይ ያየቻት ሴት ሁሉ ጣልያን ፊት ለመመስከር እግሯ አልነሳ አለ። በዚያ ላይ፣ እውነቱን ልናገርና፣ ከተማው እሷ ናት ብሎ አምኖ ነበር። ዘጠና ሜትር ሄዶ መስተዋት የሚመታ ከዘሃራ ሌላ ማን አለ? በሆዳቸው ኮርተውባታል።

እኔ ያን ቀን ለእናቴ ተናዘዝኩ። እናቴ አልመታችኝም፤ ያ ነው ያስፈራኝ። አፌን በመዳፏ ይዛ ቀስ ብላ አስረዳችኝ። ያንቺም እጅ ይሁን የእሷ፣ ማማው ያው ማማ ነው፣ ማሳውም ያው ማሳ ነው፤ ስለዚህ መናዘዝሽ የሚያተርፈው ነገር የለም አለች። ለዘሃራ እንዳልነግራትም ከለከለችኝ፤ ዘሃራ ምላ ከተጠየቀች እውነቱን ትናገራለች፣ ያኔ ሁለታችሁም ትታሰራላችሁ አለችኝ። እኔም ዝም አልኩ። የዘጠኝ ዓመት ልጅ ሆናችሁ ዝም ብላችሁ ታውቃላችሁ? ሆድ ውስጥ የድንጋይ ያህል ይከብዳል።

ያዳነን የመሰለን ሼህ ኑሪ ናቸው። ሽማግሌዎች ይዘው ሾላው ሥር ሄዱና በአቶ ተድላ በኩል እንዲህ አሉት፤ «ወረቀትህ ይህች ሴት ድንጋዩን ከዚያ እዚህ አድርሳዋለች ካለ፣ ዳግም ታድርሰው። ከደረሰ ማሳውን እጨደው። ካልደረሰ ተዋት።» ሜትሮ ሴትየዋ አውቃ ትሰንፋለች ብሎ ሳቀ። ሼህ ኑሪም በሙሉ ኃይሏ እንደምትወነጭፍ እንደሚያስምሏት፣ የማለ ሰው ደግሞ በእኛ አገር ከማሳው ይልቅ መሐላውን እንደሚፈራ ነገሩት። ሙከራ የሚለውን ቃል ሲሰማ የሰውየው ዓይን አበራ። በአራተኛው ቀን ይሁን አለ።

በአራተኛው ቀን ዘሃራ እጇን ዘርግታ፣ በሽማግሌዎቹ ፊት፣ ያላትን ኃይል ሁሉ እንደምትሰጥ ማለች። ወደ ማማው ስንወጣ እናቴ ከጎኗ እየተጣደፈች ትለምናት ነበር።

«ዘሃራ፣ በነቢ ይዤሻለሁ፣ ትንሽ ላላ አድርጊው። ክንድሽ ቢደክም ማን ያያል?»

«አላህ ያያል።»

«አላህ ይምርሻል!»

«እሱስ ይምረኛል፤ ከተማው ግን ሳተች ይለኛል» አለች ዘሃራ፣ መሄዷን ሳታቆም። «ወላሂ ብያለሁ። ደግሞ እኔ የወነጨፍኩት ነገር የት ነው ሳይደርስ የቀረው?»

እናቴ ወደ እኔ ዞራ አየችኝ። ዘሃራ መሐላዋን ለመጠበቅም ስሟን ለመጠበቅም ማሳዋን ልትሰጥ ነበር።

ያን ቀን ቡታጅራ ባዶዋን ቀረች ማለት ይቻላል። ሰው ሁሉ ዳገቱ ላይ ፈሶ ነበር። ሜትሮ ጠረጴዛውን ከሾላው ሠላሳ እርምጃ ያህል ወደ እኛ አስጠግቶ፣ ወረቀቱንና ቀለሙን ደርድሮ ተቀመጠ። በስሌቱ መሠረት ድንጋዩ እዚያ ሲደርስ ከራሱ በላይ የሁለት ሰው ቁመት ከፍ ብሎ ስለሚያልፍ፣ ሲያልፍ በዓይኑ ለማየት ከዚያ የተሻለ ቦታ አልነበረም። ዘሃራ ድንጋዩን ወንጭፏ ላይ አስቀመጠች። አንድ ዙር ስታዞር ማማው ተንቀጠቀጠ። ሁለተኛው ላይ የአንገቷ ሥር ተገታተረ። ሦስተኛው ላይ ከሆዷ የወጣ ድምፅ አሰምታ ለቀቀችው። እኔ ከሥሯ ቆሜ ነበር፤ ያ ክንድ ምንም እንዳላስቀረ አይቻለሁ።

ድንጋዩ እየከበደ፣ እየሰነፈ ሄደና የሜትሮ ጠረጴዛ ላይ ዱብ አለ። ጠረጴዛው ለሁለት ተከፈለ። የቀለሙ ብልቃጥ ዘሎ ያልተላጨውን ጉንጭ ሰማያዊ አደረገው። አስካሪዎቹ ጠመንጃቸውን ጨበጡ። ሰውየው ግን ፊቱን በመሐረብ ጠርጎ፣ ተነስቶ፣ ከተሰበረው ጠረጴዛ እስከ ማማው ድረስ በገመዱ ለካ። ደግሞ ለካ። ሦስተኛም ለካ። ቁጥር ከእሱ ጋር ሲጣላ ከቁጥሩ ጎን የሚቆም ሰው ነበር፤ ጠላት ቢሆንም ይህን አልክደውም። ይህ ድንጋይ ከዚህ ክንድ እዚያ አይደርስም፣ ሴትየዋ ነፃ ናት አለ። ከዚያ ቀና ብሎ ሾላውን ሲያይ ጦጣዎች ፍሬ ሲበሉ አየ። ድንጋዩ ከየትኛው ቅርንጫፍ እንደወደቀ ለማስላት ሌላ ሦስት ቀን ፈጀበት። አቶ ተድላ እንደነገረን በዋናው መዝገብ ላይ ጥፋተኛ ሆኖ የተጻፈው ጦጣ ነው። አስካሪዎቹ ለሳምንታት ጦጣ ሲያባርሩ ሰነበቱ፤ አላህ ሳይደግስ አይጣላም እንዲሉ፣ ማሽላችንን በየዓመቱ የሚጨርሱት እነዚያው ጦጣዎች ስለነበሩ ያን ዓመት የታፈሰው እህል ጎተራ ሞልቶ ተረፈ።

ማሳው ዳነ። ዘሃራ ግን አልዳነችም። በማግስቱ ገበያ ስትወርድ ሴቶቹ በክርናቸው ይጎስሟት ጀመር። ሽማግሌዎች ሳቃቸውን በጋቢ ይሸፍናሉ። አንዱማ ጆሮዋ ሥር ጠጋ ብሎ፣ «እንዴት አድርገሽ ሳትሽው! ጠረጴዛውን መርጠሽ ነው አይደል?» አላት። ከተማው አሞገሳት፤ ምስጋናው ግን በሐሰት ማልሽ ማለት ነበር። ብትምል አያምኗትም፣ ብትቆጣ ይስቃሉ። ሼህ ኑሪ ብቻ አልሳቁም። ሰላምታዋን በደንብ ይመልሳሉ፣ ዓይኗን ግን አያዩም። ዘሃራ ወንጭፉን ከምሰሶው ላይ ሰቀለችው፤ ከዚያ በኋላ ወፍ በቆርቆሮ እያንኳኳች ትጠብቅ ነበር።

ጣልያን የወጣ ሳምንት እናቴ አፌን ፈታችው፤ ሄጄ ለዘሃራ ሁሉንም ነገርኳት። ጆሮዬን ጠመዘዘችው፤ ለዓመታት የተጠራቀመ ጥምዘዛ ስለነበር ረዘም አለ። ከዚያ ተቀመጠችና አሰበች። «በጭቃ ነው የመታሽው?» አዎ አልኳት። «አንቺ፣ በዚህ ቀጭን ክንድሽ ጭቃው ከደረሰ፣ እኔ የወነጨፍኩት ድንጋይ እንዴት አይደርስም? ከባድ ነገር አይደለም እንዴ ርቆ የሚሄደው?» አለች። እኔም ያደግሁት ከባድ ነገር ሩቅ ይሄዳል ሲባል ነው። ይባስ ብዬ ሐዘኗን ጨመርኩት። «ምናልባት እኔ ሳላውቀው ልቤ ፈርቶ ክንዴን ያዘው፣ ምናልባት ከተማው እውነቱን ነው» ማለት ጀመረች። በራሷ መሐላ ላይ መጠራጠር ያዘች። ከዚህ የሚከፋ ነገር አላውቅም።

ከዓመታት በኋላ አዲስ አበባ በአጎቴ ሱቅ አርፌ፣ ተምሬ፣ የመምህራን ማሰልጠኛ ገባሁ። አንድ ጠዋት የሳይንስ መምህራችን፣ ጥምጥም የሚጠመጥም ህንዳዊ፣ ባዶ ጋሪና ጡብ የተጫነ ጋሪ ግቢው ውስጥ አስቆመና በአንድ ክንድ፣ በአንድ ዓይነት ግፊት ገፋቸው። ባዶው ሮጠ፤ የተጫነው እያቃሰተ ሄደ። ሰሌዳው ላይ ያንን ዛሬ በአማርኛ ፍጥንጥነት የሚሉትን ነገር ጻፈ፤ ኃይሉ ያው ሆኖ ክብደቱ በስንት እጥፍ ቢያድግ፣ ፍጥንጥነቱ በዚያው እጥፍ ይቀንሳል አለ። ከወንበሬ ተነስቼ «ዘሃራ!» ብዬ ጮህኩ። ክፍሉ ሳቀ። መምህሩ የህንድ አምላክ የጠራሁ መስሎት ይሁን አላውቅም፣ በትህትና ጎንበስ አለልኝ።

እረፍት ሲሆን ቡታጅራ ገባሁ። ዘሃራ ፀጉሯ መሸበት ጀምሯል። ጭቃ አድበልብዬ አደረቅሁ፣ ያንን የሚያህል ድንጋይ ፈልጌ አመጣሁ፣ ሁለቱንም በጎረቤት ቅቤ ነጋዴ ሚዛን ላይ አስቀመጥኩ። ድንጋዩ ሰባት ጭቃ ሆነ። ያንቺ ክንድ ከእኔ በሦስት እጥፍ ቢበረታም እንኳ ሰባት እጥፍ ነበር የተሸከመው፤ ኃይልሽ ሙሉ ነበር፣ ድንጋዩ ነው ያልቻለው አልኳት። ደግሜ እንድነግራት ጠየቀችኝ። ነገርኳት። ሦስተኛም ነገርኳት።

«ምንም አላስቀረሁም ማለት ነው?»

«ምንም።»

ዘሃራ ስታለቅስ ያየሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው። እኔም አለቀስኩ፤ ሆዴ ውስጥ የቆየው ነገር ያኔ ነው የወረደልኝ። ከዚያ ነጠላዋን አጣፍታ ተነሳች። ያን ቀን ዳገቱ ላይ ከነበሩት ሽማግሌዎች ማን ማን እንደቀረ በጣቷ ቆጠረች፤ ሦስት ቀርተዋል። ሼህ ኑሪስ ስላት፣ ለእሳቸው አላህ ራሱ ነግሯቸዋል አለች። ሦስቱም ቤት በእግራችን ሄድን። እኔ ከፊት ጭቃና ድንጋይ ይዤ፣ እሷ ከኋላዬ ልክ እንደ ባለጉዳይ።

የመጀመሪያው ሽማግሌ አመነ። ሁለተኛው አልገባውም፣ ግን ይቅርታ ጠየቃት። ሦስተኛው አልጋ ላይ ነበር፤ ያ ጆሮዋ ሥር ጠጋ ብሎ የነበረው ሰው ነው። ኃይሉን፣ ክብደቱን፣ ፍጥንጥነቱን እስከ መጨረሻ ሰማኝና ፊቱ ወደቀ። «እንዲያ ከሆነ ጣልያኑን አላታለልሽውም?» አላት። «እኔኮ ይህን ሁሉ ዘመን ለልጆቼ ስነግር የኖርኩት እንዳታለልሽው ነው።»

ዘሃራ ቀና አለች፤ እንደዚያ ቀና ስትል ከልጅነቴ ወዲህ አላየኋትም። «አላታለልኩትም» አለችው። «አቃተኝ እንጂ።» ይህቺን ቃል እንደ ሽልማት ነው የተናገረቻት።

ዛሬ የልጅ ልጄ ያንኑ ስሌት ደብተሩ ላይ በሁለት መስመር ይጨርሰዋል። የተወረወረ ነገር፣ ይህን ያህል ኃይል፣ ይህን ያህል ክብደት፤ ፍጥንጥነቱ ስንት ነው? መልሱን ከሥሩ ሁለት ጊዜ አስምሮበት ወደ ሌላ ጥያቄ ያልፋል። ጎበዝ ነው፣ ከእኔ ይበልጣል፣ ደስም ይለኛል። አንዳንዴ ግን ማን ነው የወረወረው ብዬ እጠይቀዋለሁ። አያቴ፣ ጥያቄው ላይ የለም ይለኛል።